ጉልበቱን ማን ያቀዝቅዘዋል?

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ለክርክሩ ሲባል የቆሙ ናቸው። «ሠሪው» አሜሪካ ውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጁ እየሠራ፣ ከማዝዳ መኪና የወጣ ባለ ሁለት ሮተር 13ቢ ሞተር ሊገጥምለት የተነሣ ወጣት ነው። «መካኒኩ» በዕድሜም በሙያም የሚበልጠው፣ ስለ ጉልበት ሲነሣ አስቀድሞ የራዲያተሩን ልክ የሚጠይቅ ሰው ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ እስከ ሠራው ድረስ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን በሙከራ መደብ ይመዘግበዋል፤ ሞተሩም ለአውሮፕላን ተብሎ የተፈቀደ እንዲሆን አያስገድድም። ፈቃዱ ሰፊ ነው፤ ስሌቱ ግን ሙሉ በሙሉ በሠሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሠሪው፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ለምን ይህን ሞተር እንደ መረጥኩ ላስረዳ። ቫልቭ የለው፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ፒስተን የለው። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮችና አንድ ዘንግ፣ አለቀ። ፌሊክስ ቫንክል ሐሳቡን አፈለቀ፤ ኤን ኤስ ዩ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1957 አስነሣው፤ ማዝዳ ደግሞ ከ1967ቱ ኮስሞ መኪና ጀምሮ ሲያሻሽለው ኖሮ በ1991 በባለ አራት ሮተር መኪና የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈበት። ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያቃጥላል፤ ለአውሮፕላን የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ይዘቱ 1.3 ሊትር ብቻ ሆኖ 180 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ይሰጣል። ላይኮሚንግ ኦ-360 የሚባለው የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር ያንኑ 180 ለማውጣት 5.9 ሊትር ይፈልጋል። የአየር መሳቢያ ቧንቧዎቹን ርዝመት ከቃኘሁ፣ የካንዴላውን ጊዜ ካስተካከልኩ፣ ማርሚታውን ካቀለልኩ ከ180ውም አልፋለሁ። ማቀዝቀዣውን በተመለከተ የመኪናውን ራዲያተር እንዳለ እገጥመዋለሁ።

መካኒኩ፦ በ1.3 ሊትሩ አትደነቅ፤ ነገሩ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው። የሮታሪው ዘንግ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሁለቱ ሮተሮች እያንዳንዳቸው 654 ሳንቲ ሜትር ኩብ፣ በድምሩ 1.308 ሊትር አየር ይምጋሉ። የላይኮሚንጉ ሲሊንደሮች ግን አየር የሚስቡት በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር የሚገባው የ5.9 ሊትሩ ግማሽ ነው። አሁን ዙሩን ቁጠርበት። ያንተ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሄድ ወደ 7,850 ሊትር፣ ላይኮሚንጉ በ2,700 ዙር ወደ 7,970 ሊትር ይስባል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የሚቃጠለው ነዳጅ በገባው አየር ልክ ነው፤ ጉልበቱ በተቃጠለው ነዳጅ ልክ ነው፤ ሙቀቱም እንደዚያው። ስለዚህ ሞተሩ ለዓይን ትንሽ ነውና ትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ማቃጠያ ክፍሉ ቀጭንና ረዥም በመሆኑ እሳቱ ከብረቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ይሰፋል፤ ቃጠሎውም ዘግይቶ ስለሚያልቅ ጭሱ ከፒስተን ሞተር ጭስ ይልቅ ግሎ ይወጣል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የላይኮሚንጉ ሲሊንደር ራስ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሆኖ ሙቀቱን በቀጥታ ለነፋሱ ይሰጣል። ነፋሱ 15 ዲግሪ ከሆነ በመካከላቸው 185 ዲግሪ ልዩነት አለ። ያንተ ሞተር ግን ሙቀቱን መጀመሪያ ለውሃ ይሰጣል፤ ውሃውም ከ90 ዲግሪ ብዙም ከፍ እንዲል አትፈቅድለትም፤ ልዩነቱ 75 ብቻ ነው። ሙቀት የሚፈሰው በልዩነቱ ልክ ነው። በሞቃት ቀን ነፋሱ 35 ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 55 ይወርዳል፤ ያው ራዲያተር፣ ያው ፍጥነት፣ ግን ከአራት እጁ አንዱን የሚያህል አቅም ጠፋ። ቴክሳስ በነሐሴ የሚበር ሰው በመጋቢት ያየውን ቁጥር ማመን የለበትም።

ሠሪው፦ ይህን እቀበላለሁ። ግን ያው ሞተር፣ ያው ራዲያተር መኪናው ላይ በነሐሴ ሙቀትም ሲሠራ ኖሯል። የማዝዳው አር ኤክስ-7 በበረሃ አውራ ጎዳና ላይ ሲነዳ አይፈላም። አውሮፕላኑ ከመኪናው ይልቅ ይፈጥናል፣ ነፋሱም ይበዛለታል። ታዲያ መኪናውን ያቀዘቀዘ ራዲያተር አውሮፕላኑን እንዴት ያቅተዋል?

መካኒኩ፦ መኪናው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሲሄድ የሚፈልገው ጉልበት ከ30 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ሲቀድም ወይም ዳገት ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ እግር ይነሣል። ራዲያተሩ የተለካው ለዚህ ኑሮ ነው። አውሮፕላን ግን ከመሬት ሲነሣ ጀምሮ ለብዙ ደቂቃ ሙሉ ጉልበቱን እንዳወጣ ይወጣል፤ የሚወጣውም በዝግታ ነው። ክፉው ገጠመኝ ይህ ነው፤ ሙቀቱ ከፍተኛ የሚሆንበትና ነፋሱ ዝቅተኛ የሚሆንበት ሰዓት አንድ ላይ ይመጣሉ። የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። አውሮፕላንህ በ90 ኖት ሲወጣ በመግቢያው ላይ የሚያገኘው ግፊት 1,300 ፓስካል አካባቢ ነው፤ በውሃ ብትለካው 13 ሳንቲ ሜትር። በ160 ኖት አግድም ሲበር ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱም ይቀነሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ስለዚህ አግድም በረራ ላይ መርፌው በትክክለኛው ቦታ ቆመ ብሎ መደሰት ምንም አያረጋግጥም። ፈተናው ሽቅብ ሲወጣ ነው።

አሁን መጠኑን እንገምተው። ከ180 የፈረስ ጉልበት ጋር ወደ ውሃውና ወደ ዘይቱ የሚገባውን ሙቀት ለስሌት ያህል 100 ኪሎዋት እንያዝ። በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር በ40 ዲግሪ እንዲሞቅ ብትፈቅድ በሰከንድ 2.5 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልግሃል፤ ይህም በባሕር ወለል ላይ 2 ሜትር ኩብ ነው። በየሰከንዱ! 2 ሜትር ኩብ አየር በ90 ኖት እንዲገባ ቢያንስ 440 ሳንቲ ሜትር ካሬ የሚሆን መግቢያ ይጠይቃል፤ በየጎኑ 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማለት ነው። የመኪና ራዲያተር ኮፈን ውስጥ አስቀምጠህ ፊት ለፊት በቀደድከው ቀዳዳ ይኼን ሁሉ አየር ይማርካል ብለህ ታስባለህ?

ሠሪው፦ እንግዲያው መልሱ ቀላል ነው። መግቢያውን አሰፋለሁ፣ ራዲያተሩንም አሳድጋለሁ። የአየር ጉተታው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ያንን በጉልበቱ እከፍላለሁ።

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በሩን ከፍቶ መስኮቱን የዘጋ ቤት ነፋስ አያገኝም። አየር በራዲያተሩ መሐል የሚያልፈው ከፊቱ ያለው ግፊት ከኋላው ካለው ሲበልጥ ብቻ ነው። የሞተሩ ኮፈን ውስጥ የገባው አየር መውጫ ካጣ ግፊቱ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሆናል፤ መግቢያውን እጥፍ ብታሰፋው የተጨማሪው አየር ዕጣ በመግቢያው ጠርዝ ተመልሶ መፍሰስና ጉተታ መሆን ነው። አየሩ ደግሞ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 14 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ መውጫው ይህን የሰፋ አየር ነው የሚያስተናግደው። ከታች በኩል ኮፈኑ ከአውሮፕላኑ ሆድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በቀጥታ ተቆርጦ ከተተወ፣ የሚወጣው አየር ከውጭው ነፋስ ጋር ይጋጫል እንጂ አይቀላቀልም። ጥጉን አጠጋግተህ፣ አየሩ ወደ ኋላ እየታጠፈ ከውጭው ነፋስ ጋር ጎን ለጎን እንዲወጣ ስታደርገው፣ አንዲት ሳንቲ ሜትር መግቢያ ሳትጨምር ሙቀቱ ሲወርድ ታያለህ።

ቀጥሎ መግቢያው። ከቀዳዳው የገባው አየር በ90 ኖት ፍጥነቱ እንደ መጣ ከራዲያተሩ ፊት ቢላተም፣ በፍጥነት መልክ የያዘው ጉልበት በሽክርክሪት ይባክናል። የራዲያተሩ ፊት ለምሳሌ 0.3 ሜትር ካሬ ከሆነ አየሩ እዚያ ሲደርስ በሰከንድ ከ46 ሜትር ወደ 7 ሜትር መዝገም አለበት። በዝግታ እየሰፋ በሚሄድ የአየር ቦይ ውስጥ ከዘገመ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ከ1,300ው ፓስካል አብዛኛውን ታገኛለህ። ቦዩ ግን በድንገት ከሰፋ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ግድግዳው በየጎኑ ከ7 ዲግሪ ብዙ የዘመመ እንደሆነ መላቀቁ አይቀርም። ግማሹ ግፊት ጠፋ እንበል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር እንደ ራዲያተሩ ጠባይ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። ራዲያተሩን ብታሳድገው ቦዩ ይበልጥ በድንገት እንዲሰፋ ትገደዳለህ፤ ሕመሙን በመድኃኒቱ ታባብሰዋለህ። በራዲያተሩ ዳር የቀረውን ክፍተት ደግሞ አትናቅ። አየር በክንፎቹ መሐል ከመታሸት ይልቅ በጣት በምታህል ክፍተት መሹለክን ይመርጣል።

ሠሪው፦ ቦይ የሚበጅለት ቦታ ያለው ሰው ይበጅ። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ከፕሮፔለሩ እስከ እሳት መከላከያው ግድግዳ ያለው ርቀት በክንድ የሚለካ ነው። በዚያ ውስጥ ሞተር፣ የማርሽ ሳጥን፣ ራዲያተር፣ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ ቀይ የጋለ የጭስ ቧንቧ ተደራርበዋል። በ7 ዲግሪ የሚሰፋ ረዥም ቦይ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው።

መካኒኩ፦ ልክ ብለሃል፤ ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች አንዱን ትልቅ ራዲያተር ትተው ከመኪና ኤርኮንዲሽነር የሚወጣ ሁለት ትንንሽና ወፍራም ኢቫፖሬተር በግራና በቀኝ የሚገጥሙት። ፊታቸው ጠባብ ስለሆነ ቦዩ ብዙ መስፋት አይጠበቅበትም፤ በምትኩ ውፍረታቸው ግፊት ይበላል። ግድግዳውን እንደ መለከት አፍ በጠመዝማዛ ቅርጽ ማስፋትም አለ፤ መጀመሪያ ላይ በዝግታ ይሰፋና ራዲያተሩ አጠገብ ሲደርስ በድንገት ይከፈታል። ራዲያተሩ ራሱ የሚፈጥረው ተቃውሞ አየሩን እዚያ ጠርዝ ድረስ ስለሚዘረጋው ከቀጥተኛው ቦይ ይልቅ አጭር ሆኖ ይሠራል። ፍጹም አይደለም። ከምንም ግን ይሻላል። ሌላው መንገድ ራዲያተሩን ከአፍንጫው አውጥቶ ከሆድ ሥር ማድረግ ነው፤ ፒ-51 ሙስታንግ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን እንዳደረገው። እዚያ መግቢያው ከሆዱ ቆዳ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ቆዳውን ታክኮ የሚመጣው አየር የዛለ አየር ነው፣ ግፊት የለውም። እንደ ሎንግ-ኢዚ ያሉት ሞተራቸው ከኋላ የሆነ አውሮፕላኖች ይህን ችግር በየቀኑ ያዩታል፤ መሬት ላይ ቆመው ሲጠብቁም ከፊት የሚነፋላቸው ፕሮፔለር የለም።

ሠሪው፦ ሙስታንግን ካነሡ አይቀር፣ ያ አውሮፕላን ከራዲያተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ያገኝ ነበር ይባላል። እንግዲያው ሙቀቱ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ እኔም በሙቀቱ ልገፋበት እችላለሁ።

መካኒኩ፦ ሜሬዲዝ የተባለ በፋርንቦሮ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ሰው በ1935 ያሳየው ነገር ነው። አየሩን አዝግመህ ግፊቱን ካነሣህ፣ በራዲያተሩ ካሞቅኸው፣ ከዚያ በሚጠብ መውጫ ካፈጠንከው፣ ከገባበት ፍጥነት ጋር ተቀራርቦ ይወጣል፤ የማቀዝቀዣውም ጉተታ ይቀልላል። ለሙስታንግ ፍጥነት ትርፉ ትልቅ ነበር። አንተ በ160 ኖት የምታገኘው ጥቅም የሚገፋ ኃይል አይባልም፤ የኪሳራ መቀነሻ ነው። ግን ኪሳራው ራሱ ስንት እንደ ሆነ ገምተህ ታውቃለህ? በ90 ኖት 2 ሜትር ኩብ አየር 1,000 ፓስካል እያጣ በራዲያተሩ ሲያልፍ የሚበላው 2 ኪሎዋት፣ ሦስት የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነው። መውጫውን ለሽቅብ በረራው ያሰፋኸውን ያህል ትተህ በ160 ኖት ስትበር ግን ይህ ወጪ በፍጥነቱ ኩብ ያድግና ወደ 11 ኪሎዋት፣ ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። አሁን ቧንቧ በመቃኘት አገኘዋለሁ ካልከው ጉልበት ጋር አስተያየው። ባያስፈልግህም አየር እያሞቅህ ትጎትታለህ። ስለዚህ መውጫው ላይ ከመቀመጫህ ሆነህ የምትከፍተውና የምትዘጋው ክዳን አድርግ። ሽቅብ ስትወጣ ክፍት፣ አግድም ስትበር ጠበብ። ክዳኑ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ገመድ ነው፤ የቧንቧ ቅኝት የማይሰጥህን ጉልበት ይመልስልሃል።

ሠሪው፦ ይህንን ወደድኩት። ጉልበቱን ከሞተሩ ሳይሆን ከመውጫው ማግኘት ማለት ነው። ግን ሞተሩን ልተወው አልችልም። የሚገባውን አየርም የሚቃጠለውንም ማስተካከል አለብኝ።

መካኒኩ፦ አስተካክል፤ ግን እዚያም መጀመሪያ የምታገኘው ሙቀትን ነው። አየሩን የምትስበው ከኮፈኑ ውስጥ ከሆነ ራዲያተሩን አልፎ በ40 ዲግሪ የሞቀውን ነው የምታጠጣው። የሞቀ አየር የሳሳ አየር ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ከሚገባው 12 በመቶ ያህል ይጎድላል። ከ180ው የፈረስ ጉልበት 20 አካባቢ እዚህ ጠፋ። አየር መሳቢያውን ከውጭ ቀጥታ በቦይ አምጣ፤ የቧንቧው ርዝመት ቅኝት ከዚያ በኋላ ነው። የጭስ ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ ሸፍነው፤ የሮታሪ ጭስ ተራ ማርሚታን ውስጡን ቆራርጦ የሚያስወጣ ነው፤ በጨረሩ ብቻ በአጠገቡ ያለውን ጎማና ሽቦ ያበስላል። የካንዴላውን ጊዜ በጣም ካዘገየኸው ቃጠሎው ይበልጥ ወደ ጭስ ቧንቧው ይሸጋገራል፤ ጉልበት ታጣለህ፣ ቧንቧው ይግላል።

ዘይቱን ደግሞ እስካሁን አላነሣኸውም፤ ብዙ ሠሪዎች ስለ ውሃው ተጨንቀው ዘይቱን ይረሱታል። በዚህ ሞተር ሮተሮቹ ከውስጥ የሚቀዘቅዙት በዘይት ነው። ማቀዝቀዣው ከሚያስወግደው ሙቀት ሲሶው ያህል በዘይቱ በኩል ይወጣል። ዘይት ለአንድ ኪሎ ግራም የሚሸከመው ሙቀት ከውሃ ግማሽ ያህል ነው፤ በማቀዝቀዣው ውስጥም ወፍሮና ተጎትቶ ስለሚያልፍ ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። ለ33 ኪሎዋት፣ ዘይቱ በ25 ዲግሪ እንዲበርድ ከፈለግህ በደቂቃ 46 ሊትር ያህል መዞር አለበት። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ራዲያተሩን አልፎ የመጣ የሞቀ አየር የሚጠብቅ ከሆነ፣ የውሃው መርፌ ደኅና እያሳየ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ለዘይቱ የራሱን መግቢያና የራሱን ቀዝቃዛ አየር ስጠው።

ሠሪው፦ ነዳጁን በማብዛትስ? ሽቅብ ስወጣ ድብልቁን አወፍረዋለሁ፤ የተረፈው ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ መቁረጥ አይጠይቅም።

መካኒኩ፦ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ እውነት ነው። በልኩ ከሆነ አውሮፕላኑ ለሚነሣበት ሰዓት ይጠቅማል። ነገር ግን ውሃው ውስጥ የሚገባውን ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ከመጠን አልፎ ከወፈረ ጉልበቱም ይወርዳል፤ ሙቀቱ የወረደው በአብዛኛው ጉልበቱ ስለወረደ ነው። ያንን ከፈለግህ እጅህን ከጋዙ ትንሽ መቀነስ ይበቃሃል፤ ቤንዚንም አታባክንም። ከሁሉ ርካሹ ቅኝት ግን አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። በ90 ኖት ፈንታ በ110 ኖት ብትወጣ ግፊቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ከፍታ የምትይዝበት ፍጥነት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ይቆማል።

ሠሪው፦ ቱርቦ ብገጥምስ ምን ይላሉ? የሮታሪው ጭስ ያን ያህል ሙቀት ይዞ በከንቱ ከሚወጣ፣ ቱርቦ ብናዞርበት በከፍታ የሚጠፋውን ጉልበት ይመልሳል። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ወደ 15 በመቶ ይሳሳል። ቦሌ ላይማ ከአምስት እጅ አንዱ ይጠፋል።

መካኒኩ፦ በሐሳብ ደረጃ ጋብቻቸው ያምራል። ማቀዝቀዣውን ግን እንደገና አስላ። ያለ ቱርቦ ከፍታ ላይ ስትወጣ የሳሳው አየር ጉልበቱንም ሙቀቱንም ይቀንሰዋል። ዴንቨር ላይ ሙቀቱ በ15 በመቶ ሲወርድ፣ በፍጥነት መለኪያህ ላይ ያንኑ ቁጥር ይዘህ ከበረርክ የሚያቀዘቅዘው አየር በክብደት የሚጎድለው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እውነተኛው ፍጥነትህ ስለሚያድግ። ሒሳቡ ወደ አንተ ያደላል። ቱርቦ ስትጨምር ይህ ይገለበጣል። 3,000 ሜትር ላይ ሙሉ ጉልበት፣ ስለዚህም ሙሉ ሙቀት ይዘህ በ14 በመቶ ባነሰ አየር ልታቀዘቅዝ ነው። የከፍታው ብርድ ይረዳሃል፣ አልክድም፤ በሞቃት ቀን ግን ሁሉን አይሸፍነውም። ቱርቦው ያሞቀውን አየር ለማብረድም ሦስተኛ ማቀዝቀዣ ያሻል፤ እሱም ከዚያው ነፋስ ይሻማል። ድብልቁ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ ደግሞ የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያዎች ይሰበራሉ። ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ሳይስተካከሉ ሦስተኛ መጨመር ለእኔ አይታየኝም።

ሠሪው፦ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ላይኮሚንጉ ራዲያተር አይፈልግ፣ የማርሽ ሳጥን አይፈልግ፣ ውሃ አይፈስበት። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ገጥመውት ይበራሉ።

መካኒኩ፦ ቶሎ መብረር የሚፈልግ ሰው ላይኮሚንግ ይግዛ፤ ይህን ሳላመነታ እላለሁ። ግን ላይኮሚንጉም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። በእሱም ኮፈን ውስጥ አየር የሚያልፈው በግፊት ልዩነት ነው፤ እሱም በዳር በሚሾልክ አየር ይሰቃያል፤ ልዩነቱ ሌሎች ስሌቱን አስቀድመው ሠርተውለት መሸጡ ነው። ሮታሪው በተራው የሚሰጥህ አለ። ንዝረቱ ትንሽ ነው፣ ተራ ቤንዚን ይጠጣል፣ ውሃ ስላለው ከከፍታ ጉልበት ቀንሰህ ስትወርድ ሲሊንደር በድንገት በረደ ብለህ አትሠጋም። የምትከፍለው በቆርቆሮ ሥራና በስሌት ነው። ያንን የሚወድ ሰው ሲሆን ምርጫው ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ከጉልበቱ መጀመር ነው፤ ምክንያቱም ማቀዝቀዣው የማይችለውን የፈረስ ጉልበት ማግኘት ለሦስት ደቂቃ የሚሆን ብድር ነው።

ሠሪው፦ እሺ፣ ከማቀዝቀዣው ልጀምር። በምን አውቃለሁ መስተካከሉን? ቴርሞሜትሩን አይቼ?

መካኒኩ፦ ቴርሞሜትሩ ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ እንዲያውም ይዋሻል፤ በደረቀ እንፋሎት ውስጥ የቆመ መለኪያ ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የውሃውን ግፊት የሚያሳይ መለኪያ ጨምርበት፤ ጎማ ሲቀደድ ሙቀቱ ሳይነሣ ግፊቱ ይወድቃል። አየሩን ለመለካት ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አድርገህ መሐሉ ላይ ቀለም ያለው ውሃ አንጠልጥል። በሁለቱ መሐል 10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካየህ 980 ፓስካል ያህል ነው። በ90 ኖት ልታገኝ ከምትችለው 13 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 4 ብቻ ካየህ ራዲያተሩን አትወቅስ። ከፊቱ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ መግቢያውና ቦዩ ነው፤ ከኋላው ያለው ከፍተኛ ከሆነ ችግሩ መውጫው ነው። ይህን ሳይለካ መግቢያ የሚያሰፋ ሰው በጨለማ ይቆርጣል።

ሠሪው፦ ሕጉ እንዲህ ላለው ለአውሮፕላን ያልተፈቀደ ሞተር ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ያዛል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዙር ብዞርና ሁሉም በልኩ ቢያነብ፣ ማቀዝቀዣው ሠራ ማለት አይደለም?

መካኒኩ፦ አይደለም፤ ይህንንም በቁጥር ላሳይህ። ብረቱን፣ ውሃውንና ዘይቱን አንድ ላይ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 100 ኪሎጁል አካባቢ ይፈጃል እንበል። ሞተሩ 100 ኪሎዋት ሙቀት ሲያወጣ ማቀዝቀዣዎችህ 90ውን ብቻ ቢያስወግዱ የተረፈው 10 ኪሎዋት በየደቂቃው 6 ዲግሪ ያነሣዋል። በ80 ዲግሪ የተነሣ ውሃ 100 ለመሻገር ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። አንድ ዙር ዞረህ ስታርፍ ሙሉ ጉልበት የሰጠኸው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥ፤ መርፌው ገና በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የምትመዘግበው መርፌው የደረሰበትን ብቻ አይደለም፤ በየደቂቃው ስንት እንደ ተነሣም ጻፍ። ከሜዳው ሳትርቅ ሁለት ደቂቃ ውጣ፣ አግድም ሁን፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ክዳኑን በአንድ እርከን ለውጥ፣ እንደገና ውጣ። መነሣቱ እየዘገየ ሲሄድ ጊዜውን አስረዝም።

ሠሪው፦ ፕሮፔለሩንስ? ባለ 2.17 ማርሽ መቀነሻ ነው የያዝኩት፤ ሞተሩ 6,000 ሲዞር ፕሮፔለሩ ወደ 2,765 ይዞራል።

መካኒኩ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩን 5,500 አካባቢ የሚያስቆም ፕሮፔለር ይሻልሃል። ፕሮፔለሩ 2,535 ይሆናል፤ አየሩም ሙቀቱም ወደ 92 በመቶ ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣው ያጠረበት አብዛኛው ክፍተት በዚሁ ይሸፈናል። በዚያ ልክ አሥር ደቂቃ ሳታቋርጥ ወጥተህ፣ በሞቃት ቀን፣ ውሃውም ዘይቱም የቆሙበትን ቁጥር ጽፈህ አምጣ። የቧንቧውን ርዝመት ነገር ያን ጊዜ እናነሣዋለን።